ጣቢያውን እኩል ያካፈልኩ ዕለት

ጥፋቱ የኔ መሆኑን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እናንተም መሃል ላይ ስትደርሱ "ይቺ ሴትዮ ግን ጤነኛ ናት?" እያላችሁ አንገታችሁን ከምትነቀንቁ፣ አሁኑኑ ነቅንቃችሁ ጨርሱና በሰላም አንብቡኝ። ክፉ ሰው አይደለሁም። ያለብኝ በሽታ አንድ ነው፤ እኩል ያልሆነ ነገር ማየት አልችልም። የልጅ ልጆቼ ሲሰበሰቡ ሙዝ የማካፍላቸው በክር ለክቼ ነው። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ አንዷ "እትዬ፣ ጄሪካኔ እኮ ትንሽ ናት፣ አሳልፊኝ" ስትለኝ፣ "ትንሽ ጄሪካን እንጂ ትንሽ ወረፋ የለም" ብዬ የስንቱን ሹም ሚስት ወደ ኋላ መልሻለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አስተማሪው ማካፈልን አስተምሮን ሲጨርስ እኔም "ይበቃኛል" ብዬ የወጣሁ ይመስለኛል።

ባለቤቴ መኮንን አናጢ ነው። ሁለታችንም ከደጋ ወርደን ጋምቤላ የገባነው ገና ልጅ ሳንወልድ ነው። እዚህ ከተማ ካሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ስንቱን እንደመታ እሱም ቆጥሮ አይጨርሰው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ እሱ የሚያየው ጣሪያ ጣሪያውን ነው። ባለፈው ዓመት ግን ደም ግፊቱ ጣለው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱን አተረፈልን። አንደበቱም ትንሽ ሰንብቶ ተመለሰ፤ እንዲያውም ለስድብ የሚሆነው ክፍሉ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። እግሩን በከዘራ እየጎተተ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ቀረ።

በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየመጣች የምታየው ሲስተር ሐና የምትባል የጤና ባለሙያ አለች። "አባባ፣ ጣቶችዎን ያሠሯቸው። ጥቃቅን ነገር በቀኝ እጅዎ ያንሱ፣ ያስቀምጡ" ብላ አንድ ሳህን በቆሎ ፊቱ አስቀመጠችለት።

"እኔ ዶሮ ነኝ?" አላትና ወደ ግድግዳው ዞረ። ዞሮም ቀረ።

ጎረቤታችን መምህር ኦጁሉ በየቀኑ ይመጣሉ። የአቦቦ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ። እኔ ቤት ማንጎው ሥር ከመኮንን ጋር ዳማ በቆርኪ ሲጫወቱና ሲሰዳደቡ ኖረዋል። መኮንን ከታመመ ወዲህ ግን መምህር ለጀርባው ነበር የሚያወሩት። ለሰው ጀርባ ማውራት ከባድ ነው፤ እሳቸው ግን ስንት ዓመት ለጥቁር ሰሌዳ ዞረው ሲያወሩ ስለኖሩ ይሁን እንጃ ቻሉት።

እንግዲህ ሳጥኖቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይቶ የኖረ አንድ ፈረንጅ ኢንጂነር ነበር፤ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር። ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ከሥራ ሲመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የድንቢጥ ቤት የሚያካክሉ የላስቲክ ቤቶች እያጣበቀ ይሠራል። አገሩ የአሻንጉሊት ባቡር አለው አሉ፤ ቤቶቹ በሐዲዱ ዳርና ዳር የሚቆሙ ናቸው። "እናቱ በልጅነቱ ሳታጫውተው ቀርታ ነው" ብዬ አዝንለት ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄድ ሻንጣው አልዘጋ ብሎት ገና ያልተከፈቱ ሁለት ሳጥኖች አውጥቶ ሰጠን። ይህችን በምታህል አማርኛው "ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ሽማግሌ" አለ፤ ወደ መኮንንና ወደ መምህር ኦጁሉ እያመለከተ።

በአንደኛው ሳጥን ላይ ያለው ሥዕል ግንባሩ ላይ ሰዓት ያለው የባቡር ጣቢያ ነው። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ወንዝ ዳር የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ትልቅ መሽከርከሪያ ያለው የውሃ ወፍጮ። እና መኮንን ዞረ! ግድግዳውን ትቶ ሥዕሉን ለማየት ዞረ። እኔ እንኳ ስንት ልመና ለምኜ ያላዞርኩትን ሰውዬ አንድ ካርቶን አዞረው።

"ጣቢያው የኔ ነው" አለ።

"ለምን ያንተ ይሆናል?" አሉ መምህር ኦጁሉ። "ማዕዘኑን እያየህ ነው? ይሄ ሒሳብ ነው።"

"ጣሪያውን እያየህ ነው? ጣሪያ የማን ነው?"

"ወፍጮውም እኮ ጣሪያ አለው!"

"እሱም ማዕዘን አለው፣ ውሰደዋ!"

"ኧረ ባቡር በሌለበት አገር ጣቢያ ምን ያደርግላችኋል?" አልኳቸው።

"ጋምቤላ ድሮ መርከብ ነበራት" አሉ መምህር፣ "ባቡርም አንድ ቀን መንገድ ስቶ ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ ታዲያ የት ሊቆም ነው?"

ተጨቃጨቁ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። የሚጨቃጨቅ ሰው ግድግዳ አያይም። እዚያው ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። ግን ፍትሕ የሚባለው ነገር እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጣቢያውን ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ወፍጮውን ማንም አይፈልገውም። ለአንዱ ጣቢያ፣ ለአንዱ ወፍጮ መስጠት እንዴት እኩል ይሆናል? "ዝም በሉ፣ እኔ እዳኛችኋለሁ" አልኳቸው። ዳኝነቴን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይሮጥ ነበር። እነሱ ግን ምሳቸውን በልተው፣ ሙቀቱ አድክሟቸው፣ አንዱ አልጋው ላይ ሌላው ማንጎው ሥር አሸለቡ።

ሳጥኖቹን ከፈትኩ። ቤት የለም! ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ጭስ መውጫው ሁሉ ተበታትኖ፣ ቡና ቅርንጫፉ ላይ እንደሚያፈራው በቀጫጭን የላስቲክ ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሏል። በእያንዳንዱ አጠገብ ዘንጉ ላይ ትንንሽ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን ሸቀጥ ላይ ቁጥር መቼም አይጠፋም፤ የዋጋ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሰፌድ አመጣሁ። ቡና ለቅሞ የሚያውቅ እጅ መቼም ሥራ አይፈራም፤ ሁሉንም ፍሬ ከዘንጉ አረገፍኩት። የሁለቱን ሳጥን አንድ ላይ ደባለቅሁ። ከዚያ አድልዎ እንዳይገባብኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንድ ለመኮንን፣ አንድ ለመምህር፣ አንድ ለመኮንን፣ አንድ ለመምህር እያልኩ እስከ መጨረሻው አካፈልኩ። የአሠራሩን መመሪያ ወረቀት ከመሃሉ ቀድጄ ግማሽ ግማሹን አደረግሁላቸው። በመጨረሻ አንዲት ጎዶሎ ተረፈች፤ ያቺ የጣቢያው ሰዓት። ለማን ትሰጣለች? የሽንኩርት ቢላዬን አምጥቼ ለሁለት ከፈልኳት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ለመኮንን ደረሰው፣ የቀረው ለመምህር። ባዶ ዘንጎቹን ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኳቸው፤ ቤት ንጹሕ ሲሆን ደስ ይላል። ላቤን ጠርጌ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ይህች ከተማ አይታ አታውቅም እያልኩ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የነቁት መምህር ኦጁሉ ናቸው። ሰፌዱን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ደግመው አዩ።

"እትዬ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቁጥሮቹ የት አሉ?"

"የቱ ቁጥር?"

"የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚናገረው ቁጥር።"

ወደ አመዱ አየሁ። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አመዱን አዩት።

መኮንን በከዘራው እየጎተተ መጣ። ግማሽ ሰዓቱን በግራ እጁ አንስቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። እኔን መሳደብ ሲገባው ጓደኛውን ያዘ። "አንተ ባትከራከር ኖሮ ጣቢያዬ በቁሙ ነበር!" አላቸው።

"የቀማኸኝ አንተ! ደግሞ ጥሩ ጥሩው ግድግዳ ሁሉ አንተ ሰፌድ ላይ ነው!"

"ኧረ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያካፈልኩት!" አልኩ። ማን ይስማኝ! መምህር ኦጁሉ ሰፌዳቸውን አቅፈው፣ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ ከግቢ ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው "ከእንግዲህ የሚፈልገኝ ቤቴ ይመጣል!" አሉ። መኮንንም "የታመመ ይጠየቃል እንጂ ሊጠይቅ ይሄዳል?" ብሎ መለሰ። ከዚያ ወደ ግድግዳው።

ሳምንት አለፈ። መምህር አልመጡም። ሲስተር ሐና መጥታ የመኮንንን ጣቶች አንድ በአንድ ልትዘረጋ ሞከረች፤ ፊቷ ጠቆር ሲል አየሁ። በር ላይ ሸኝቻት ስቆም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ጊዜው አሁን ነው። እነዚህ ወራት ካለፉ እጃቸው እየደረቀ ይሄዳል፤ በኋላ እንፍታው ብንል እሺ አይለንም" አለችኝ። ጓዳ ገብቼ ድስቱ ላይ ጮህኩበት። ምን አጠፋ ድስቱ? ምንም። ግን ሌላ የምጮህበት ጥፋተኛ ስፈልግ ራሴን ብቻ ነበር የማገኘው።

ስለዚህ ያበላሸሁትን ራሴ ልጠግን ተነሳሁ። ጀማል ሱቅ ሄጄ፣ አንዲት ጠብታዋ ብረት ከብረት ታያይዛለች የሚባልላትን ማጣበቂያ ገዛሁ። መቼም እውነትም ታያይዛለች! ጭስ መውጫውን የተከልኩበትን የወፍጮ ጣሪያ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ላጣብቅ ብዬ ከአውራ ጣቴ ጋር አጣበቅሁት። በዘይት አሸሁ፤ እምቢ። በላምባ ነከርኩ፤ እምቢ። ብጎትተው ጥፍሬ አብሮ ሊመጣ ሆነ። አውራ ጣቴ ቀይ የሸክላ ጣሪያ ለብሶ፣ ጭስ መውጫው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መኮንን ከአልጋው ሆኖ አየኝ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዳግም ጣለው ብዬ ክው ስል፣ ለካ እየሳቀ ነው። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። "ጣሪያ ስመታ ኖሬ፣" አለ ዕንባው እየወረደ፣ "ሚስቴ ላይ ጣሪያ ሳልመታ ልሞት ነበር!"

ዕድል ነው ብዬ፣ ጣሪያዬን እንደያዝኩ በቀጥታ መምህር ኦጁሉ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ አንዱ ባጃጅ ነጂ "እትዬ፣ ቤት የሚከራይ አለ እንዴ?" እያለ ተከተለኝ። መምህር ሰፌዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በማስመሪያ እየለኩ ወረቀት ሙሉ ሒሳብ ጽፈዋል። ግድግዳ ከግድግዳ አልገጠመላቸውም፤ ከግማሽ ቤት ሙሉ ቤት እንዴት ይውጣ! ጣቴን ሲያዩ ሊስቁ ፈለጉና ኩራታቸው ያዛቸው።

"መምህር፣ ይምጡለት። እጁ እየደረቀ ነው።"

ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ "እኔ በዕድሜ እበልጠዋለሁ" አሉ። "ሰድቦኛል። ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚመጣው።"

ሄጄ ለመኮንን ነገርኩት። "በሦስት ወር ነው የሚበልጠኝ! እኔ ደግሞ በሽተኛ ነኝ። በሽተኛ ነው የሚጠየቀው።"

አያችሁ ነገሩን? ሁለቱም ልክ ናቸው። ታላቅ ይከበራል፤ የታመመም ይጠየቃል። ሁለት ልክ ሲጋጭ ማን ይፈርዳል? እግሬ ይፍረድ አልኩ። ከእኛ በር ተነስቼ እስከ መምህር በር እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አርባ ሆነ። ለማረጋገጥ ስመለስ ሁለት መቶ አርባ አራት ሆነብኝ፤ ሙቀቱ እርምጃዬን ሰብስቦት ነው። ልዩነቱን አካፍዬ ሁለት መቶ አርባ ሁለት አልኩ። እኩሌታው መቶ ሃያ አንድ። መቶ ሃያ አንደኛው እርምጃ የሚያርፈው ግን ጀማል ሱቅ አጠገብ ካለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ቦይ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ለእኔም ከበደኝ። አንድ እርምጃ ወደ መምህር በኩል አለፍ ሲባል የጀማል በረንዳ አለ። መኮንን ያቺን አንዲት እርምጃ አብልጦ ስለሚሄድ፣ ለማካካሻ መምህር በርጩማ ይዘው እንዲመጡ ወሰንኩና ሁለቱንም አስማማሁ። ጀማል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከመደርደሪያው አውርዶ ጣቴን ነፃ አወጣልኝና "በረንዳው የሽማግሌዎቹ ነው፣ እትዬ፤ አንቺ ብቻ ምንም እንዳታካፍዪልኝ" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት መኮንን ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢያችን ወጣ። መቶ ሃያ ሁለት እርምጃ። ከአርባው በኋላ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ተሳደበ፣ ቀጠለ። ከወዲያ በኩል ደግሞ መምህር ኦጁሉ በርጩማቸውን ተሸክመው፣ በጉልበታቸው እያነከሱ ይመጣሉ። ሁለቱም ላለመቅደም ሲሉ እየተያዩ ነው የሚራመዱት። እኩል ደረሱ።

"በርጩማ ይዘሃል" አለ መኮንን።

"ለጠረጴዛነት ነው" አሉ መምህር፣ በርጩማውን እንዲቀመጥበት ወደ እሱ እየገፉ።

ሁለቱን ሰፌድ ገልብጠው ሥራ ጀመሩ። የጣቢያው ግድግዳ ከወፍጮው ግድግዳ በቁመት አነሰ። መምህር ልዩነቱን አስልተው "በዚህ በኩል ይጎድላል" ሲሉ፣ መኮንን "አይጎድልም፣ እግር ይውጣለት። ባሮ ሲሞላ አላየህም?" አለና ከስክሪብቶ ቀፎ በምላጭ ቆርጠው እግር አወጡለት። ጣሪያው አልደርስ ሲል ከተሰበረ ጄሪካን በረንዳ ቀጠሉበት። ከሱቅ በር መኪና የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። ባጃጅ ነጂዎቹ ክሊኒክ ነው፣ የለም መናኸሪያ ነው ብለው ተወራረዱ። የወፍጮው መሽከርከሪያ የት እንደሚገባ ጠፍቶ ሲከራከሩ፣ ከማታር ዓሣ ይዛ የመጣች ሴት ቆማ ሰማቻቸውና፣ "ሽማግሌዎች፣ ጋምቤላ በባቡር ማን መጥቶ ያውቃል? የጀልባ መጠበቂያ አድርጉት፤ መሽከርከሪያውን ገመድ ጠቅልሉበት" ብላ ዕቃዋን ተሸክማ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። እግዜር ይስጣት።

እጁስ? የተጨበጠው እጅ መጀመሪያ ላይ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት ግድግዳ ሲጣበቅ ከላይ ተጭኖ ለመያዝ። መኮንን "መዶሻዬ" ይለው ነበር። መስኮቶቹ ላይ ሲደርሱ ግን ምስር የሚያካክሉ ናቸው፤ መምህር አይታያቸውም፣ የመኮንን ግራ እጅ ደግሞ ይጥላቸዋል። ሦስተኛዋ መስኮት ስትወድቅ መኮንን ተናዶ በቀኙ ያዛት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ፣ እንደ ዛገ በር እየተንገራገጩ፣ ገጠሙ። እኔ "እልል" ልል አፌን ስከፍት መምህር ኦጁሉ በዓይናቸው ገሰጹኝ። አይተው እንዳላዩ ሆነው፣ ሌላ መስኮት አንስተው በቀኙ በኩል አስቀመጡለት። ቀጥለው ሌላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቃቅኑ ሁሉ በመኮንን ቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ አንድም ጊዜ ለራሳቸው አላስቀሩም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳካፍል የኖርኩ ሴት፣ ዓይኑን ገልጦ የሚሰጥ ሰው እንዴት እንደሚያደርግ በስተርጅናዬ አየሁ።

ሲስተር ሐና ጣቶቹን አይታ ማመን አቃታት። የኢንጂነሩ ቴሌግራም ስለነበራት ገና ያላለቀውን ቤት ፎቶ አንስታ፣ ቁጥሩ መቃጠሉንም ጽፋ ላከችለት። መልሱ ሲመጣ እየሳቀች አነበበችልን። በእሱ አገር ይህን የሚሠሩት እጃቸው የበሰለ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ሦስት ሳጥን ሆን ብለው ይቆራርጡና ይቀላቅላሉ፣ ማንም የሌለውን ቤት ያወጣሉ፤ ቁጥሩን ነቅሎ ያቃጠለ ደፋር ግን አይቼ አላውቅም፤ ለመሆኑ ማን አስተማራቸው ይላል።

"እኔ በይው" አልኳት።

"እሷ ምን አስተማረች?" አለ መኮንን። "አቃጠለች እንጂ!"

"ማቃጠሉ ነው ትምህርቱ" አሉ መምህር።

ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ያለቀው አንድ ዓርብ ቀን ነው። ጀማል ሱቁን ቆልፎ ጁምዓ ሶላት ሄዷል። ቀለሙ እስኪደርቅ ማንኛችን ቤት ይቀመጥ የሚለው ክርክር ተነሳ፤ እኔም መፍትሔ ላቀርብ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "አንቺ ተይው!" አሉኝ። ቅር አለኝ። አፌን ሳልዘጋ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ በነፋስ ታጅቦ ወረደ። የጀማልን በረንዳ ጣሪያ የመታው ሌላ አናጢ ነው፤ መኮንን በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይህን ጣሪያ አለመምታቱ ነው። በሦስት ቦታ አፈሰሰ። አንዱ ጠብታ ገና ያልደረቀው ቀለም ላይ አረፈ።

"ቤቱ!" አለ መኮንን።

ተነሳ። እጁን ከሥሩ አስገብቶ፣ በሁለቱም እጁ፣ አነሳው። ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ጎንበስ ብሎ በጀርባው ዝናቡን እየከለለለት መንገድ ገባ። ወደ የት? ወደ እኛ ቤት ይሆናል ብዬ ዞር ስል፣ እሱ ወደ መምህር ኦጁሉ ቤት ነው የሚሄደው! ታናሽ ወደ ታላቅ። መምህር በርጩማውን ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው "ቀስ በል፣ አንተ ሞኝ! ጭቃ አለ!" እያሉ ይከተሉታል። እኔም ከኋላ ነጠላዬን ጠቅልዬ እሮጣለሁ፤ ዝናብ ይሁን ዕንባ ዓይኔን ሞልቶት።

ገብተን ቤቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። አንድ እግሩ ብቻ ትንሽ ዘመመ። ሦስታችንም ውሃ እያንጠባጠብን ዙሪያውን ቆምን። የመኮንን ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው አረፉ፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ተዘርግተዋል።

"መጣህ" አሉ መምህር።

"ዝናቡ ነው ያመጣኝ።"

"ዝናቡ ይባረክ እንግዲህ።"

አሜን አልኩ። ለዝናቡም፣ ጣሪያውን ላበላሸው አናጢም፣ ሻንጣው ላልተዘጋለት ኢንጂነርም፣ ከማታር ለመጣችው ሴትም፣ ለሐናም፣ ለጀማልም። ማን ምን ያህል እንደሚገባው ሳላመዛዝን፣ ለሁሉም አንድ ትልቅ አሜን።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ባጃጅ ነጂ መጣና በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ከዘራ ይዟል። "በረንዳው ላይ ወድቆ አገኘሁት" አለ። "የማናችሁ ነው?"

መኮንን ከቤቱ ቀና ብሎ ከዘራውን አየ። ከዚያ የዘመመችውን እግር በሁለት ጣቱ ቀጥ እያደረገ፣ "እንጃ" አለ፣ "የሆነ ሽማግሌ ረስቶት ይሆናል።"